ከጂኖሙ በፊት ተርቧን እወቂ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። ለማስተርስሽ ከበቆሎ ማሳ፣ ከመጤ ተምችና ከአገዳ ቆርቁር ትሎች የወጡ፣ በትል ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ጥገኛ ተርቦችን ሰብስበሻል። አሁን ደግሞ ዝምድናቸውን በጂኖም፣ ማለትም በሙሉ ዲኤንኤያቸው፣ የምታጠኚበት የዶክትሬት ዕድል ውጭ አገር አግኝተሻል። ጭንቀትሽ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም፦ «ዝርያን በማይክሮስኮፕ መለየት ጊዜ ያለፈበት ነው ይሉኛል፤ ትቼው ኮዲንግ ብቻ ልማር?»

አትተዪው። ኮዲንጉን ተማሪ፤ መለየቱን ግን አትልቀቂ።

ኮቴሲያ ሰሳሚዬ የተባለችውን ጥገኛ ተርብ ተመልከቺ። ኬንያ ውስጥ በባሕር ዳርቻ ያለችውና ወደ መሀል አገር ያለችው በመልክ አይለዩም። የዳርቻዋ ተርብ ቡሴዎላ ፉስካ በተባለው አገዳ ቆርቁር ውስጥ ስትጥል የትሉ የደም ሴሎች እንቁላሏን ከበው ያፍኑታል፤ የመሀል አገሯ እንቁላል ግን ይፈለፈላል። ከዚሁ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮቴሲያ ቲፌ ራሷን የቻለች ዝርያ ሆና ተሰየመች። ይህ የተቻለው ዲኤንኤው፣ የአካል ቅርጹና «ከየትኛው ትል፣ ከየትኛው ተክል ወጣች» የሚለው መዝገብ አንድ ላይ ስለታዩ ነው። መዝገቡ የሌለው ጂኖም ማንም የማይጠቀምበት ፋይል ነው።

ስለዚህ ናሙናሽን ዛሬውኑ አስተካክዪ። 95 በመቶ አልኮል ይሁን፤ የተርቦቹ ውሃ ስለሚያቀጥነው በማግስቱ ቀይሪው፤ ከዚያ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጪ። ቀኑ፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ ትሉና ተክሉ በእርሳስ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፤ ውጭ የተለጠፈ ወረቀት ይወልቃል፣ የእስክሪብቶ ቀለምም በአልኮል ይታጠባል። ዲኤንኤ ለማውጣት ተርቧን አትፍጪ። ፕሮቲኔዝ ኬ የተባለው ፕሮቲን የሚያሟሟ ኢንዛይም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ በ56 ዲግሪ አሳድሪያት፤ ፈሳሹ ዲኤንኤውን ይሰጥሻል፣ ቅርፊቷ ሳይበላሽ ይቀራል። እሱን አጥበሽ ትንሽ ካርድ ላይ ለጥፊው፤ ቁጥሩ ከዲኤንኤው ቁጥር ጋር አንድ ይሁን።

ወንዶቹን ለብቻ ያዢ። ወንድ ተርብ ካልዳበረ እንቁላል ስለሚወጣ ጂኖሙ ነጠላ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። በእሱ ናሙና አንድ ቦታ ላይ ሁለት የተለያዩ የዲኤንኤ ፊደላት ደጋግመው ከታዩ፣ ወይ የተባዙ ጂኖች እንደ አንድ ተቆጥረዋል፣ ወይ የሌላ ናሙና ወይም የትሉ ዲኤንኤ ገብቷል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ጥንድ ጂኖም ያለው ወንድ ያጋጥማል። በሴት ናሙና ይህን በቀላሉ አትለዪውም። ወንድ መሆኑን የሚነግርሽ ደግሞ ማይክሮስኮፑ ነው።

መጨረሻ ላይም ወደ ማይክሮስኮፑ ትመለሻለሽ። ለተርብ፣ ለንብና ለጉንዳን ወገን የተሠራው ሁለተኛው የዩሲኢ ማጥመጃ (በብዙ ዝርያዎች ብዙም ሳይለወጡ የቆዩ የዲኤንኤ ክፍሎችን ለቅሞ የሚያወጣው) በጂኖሙ 2,590 ቦታዎችን ያነጣጥራል። ይህን ያህል መረጃ ሲደመር በዝምድና ዛፉ ላይ የአንድን ቅርንጫፍ አስተማማኝነት ከመቶ የሚለካውን ቡትስትራፕ 100 ማግኘት አያስቸግርም፤ ፈጥነው የተለወጡ ቅርንጫፎች በስህተት ሲጎተቱና ሲጣበቁም 100 ይላል። የዝምድና ዛፍ በሚሠራው አይኪው-ትሪ ፕሮግራም ስንት ጂኖች ያንን ቅርንጫፍ በእርግጥ እንደሚደግፉ ቁጠሪ፤ የየጂኑን ዛፍ አጣምሮ አንድ ዛፍ ከሚያወጣው ከአስትራል ፕሮግራም ዛፍ ጋር አስተያዪው። ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒዩተሩን ትተሽ ካርዱ ላይ ወዳለችው ተርብ፣ ወደ ክንፏ ደም ሥሮች ሂጂ። በሚቶኮንድሪያ ባርኮድ (ዝርያን ለመለየት በሚነበበው አጭር የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ) ብቻም አትታመኚ፤ በነፍሳት ሴል ውስጥ የሚኖረው ዎልባኪያ ባክቴሪያ ሊያዛባው ይችላል።

ኮዲንጉ ሊኑክስና ጥቂት ፓይተን ነው፤ ማታ ማታ በጥቂት ወራት ይለመዳል።

አባትሽ «ነፍሳት ላይ ዕድሜሽን አትጨርሺ፣ ባንክ ግቢ» ብለዋል። ያከብሩሻል፣ ይሳሱልሻልም፤ በዚህ ግን ተሳስተዋል። ባንክ የሚገባ ተመራቂ ሞልቷል፤ ጥገኛ ተርብን እስከ ዝርያ የሚለይና ጂኖሙንም የሚያነብ ሰው ግን በምሥራቅ አፍሪካ በጣት ይቆጠራል። መጤ ተምች ኢትዮጵያ በገባበት በ2017 እ.ኤ.አ. ትሉን ስታጠቃ የተገኘችው ዋና ተርብ ኮቴሲያ ኢሲፔ ነበረች፤ ዝርያዋ ራሷ የተሰየመችው በዚያው ዓመት ነው። የወንድምሽን የትምህርት ክፍያ በተመለከተ በወር ስንት መላክ እንደምትችዪ ከመሄድሽ በፊት ቁርጡን ተናገሪ፤ ከዚያ በላይ ቃል አትግቢ። ስኮላርሺፑ የኑሮ ወጪና የጤና መድን ካልሸፈነ ደግሞ አትሂጂ። ተበድሮ ዶክትሬት አይማሩም።

ናሙና በሻንጣ ይዘሽ እንዳትወጪ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን አሁኑኑ ጠይቂ፣ ጊዜ ይወስዳል። ለአዲሱ አማካሪሽም ዕድሉን ከመቀበልሽ በፊት ጻፊላቸው፦ ተርቦቹ ከጥናቱ በኋላ የት ይቀመጣሉ? ከፊሉስ ወደ አገር ቤት ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ይስጡሽ።