ሐውልቱ የት ይቁም?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ከዋሽንግተን ተነሥተን በፔንስልቬንያ የሚገኘውን የጌቲስበርግ የጦር ሜዳ ጎበኘን። ከአንድ የድንጋይ ካብ አጠገብ፣ ጠመንጃውን በአፈሙዙ በኩል ይዞ እንደ ዱላ የሰነዘረ ወታደር የቆመበትን የ72ኛው የፔንስልቬንያ እግረኛ ሬጅመንት (የጦር ክፍል) ሐውልት አየሁ። የእነዚህ ሐውልቶች ቦታ የሚመረጠው እንዴት ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ያዩት ሐውልት ለጥያቄዎ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ነው። በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 እዚህ ሜዳ ላይ በሰሜኑ ወገን የተዋጉት ወታደሮች ከዓመታት በኋላ መታሰቢያ ማቆም ሲጀምሩ፣ ሜዳውን ያስተዳድር የነበረው ማኅበር ሐውልቱ ሬጅመንቱ ገፍቶ በደረሰበት ሳይሆን የውጊያ መስመሩን ይዞ በቆመበት ሥፍራ እንዲተከል ደነገገ፤ ያለዚያ ሁሉም ወደ ፊት እየተሻማ ካቡ ሥር በታጨቀ ነበር። የ72ኛው ሬጅመንት አብዛኛው ክፍል በሦስተኛው ቀን የደቡቡ ጦር ሲያጠቃ መጀመሪያ የቆመው ከካቡ ኋላ ስለነበረ፣ ማኅበሩ ሐውልቱ እዚያው ኋላ ይሁን አለ። አንጋፋዎቹ ግን ወደ ካቡ ገሥግሠን ተዋግተናል በማለት እስከ ፔንስልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገቱ። የርስት ክርክር ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም! እ.ኤ.አ. በ1891 ተፈረደላቸው፤ ሐውልቱም በዚያው ዓመት ተመረቀ።

ሌላ ጊዜ ሲሄዱ ከብዙዎቹ ሐውልቶች ግራና ቀኝ ራቅ ብለው የተተከሉትን አጫጭር ድንጋዮች ልብ ይበሉ። የሬጅመንቱን ሰልፍ ሁለት ጫፎች ስለሚያመለክቱ፣ በመካከላቸው ቢራመዱ የሰልፉን ስፋት በእግርዎ ይለኩታል።