ዝናቡን ሥራ ስጪው

ውድ ጠያቂያችን፣ ባሕር ዳር የ3ኛ ዓመት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንደሆንሽ፣ የሬዲዮ ድራማ ጸሐፊ መሆን እንደምትፈልጊ፣ ለሙከራ የላክሽው ታሪክም «ደመናው በዛ» ተብሎ እንደተመለሰልሽ ነግረሽናል። «ተፈጥሮን ጭራሽ ላውጣው?» ብለሻል። አታውጪው፤ ሥራ ስጪው።

ከላክሽልን ገጽ አንድ መስመር እንይ፦ «ሰማዩ ጠቆረ፤ የአልማዝም ልብ ጠቆረ።» ይህ ሰማይ ቢሰረዝ ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም። አየሩ አልማዝን ካሰበችው ካላስቀራት፣ ካላስቸኮላት ወይም ካላስከፈላት ጌጥ ነው። ጌጥ ክልክል አይደለም፤ ለአንድ ገጽ አንድ ጌጥ ይበቃል።

ደጅሽ ላይ ጣና አለልሽ። ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ዝም ያለ ነው። ፀሐይዋ ከፍ ስትል የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፤ በየብሱ ላይ የሞቀው አየር ሲነሣ ቀዝቃዛው ከሐይቁ መጥቶ ይተካዋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱና ማዕበሉ ይበረታሉ። ስለዚህ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ባለታንኳ በጠዋት መነሣት አለበት። አንቺ አዘግዪው፤ አበዳሪው በር ላይ ይያዘው፣ 6 ሰዓት ይሁንበት። ከዚያ በኋላ ነፋሱን ማጋነን አያሻሽም፤ አንባቢው ሰዓቱን አይቶ ይሰጋል።

ታንኳው ራሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከደንገል፣ ማለትም በሐይቁ ዳር ከሚበቅል ሸምበቆ መሰል ተክል፣ የተሠራ ስለሆነ ውኃ ይጠጣል፤ ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ ካልደረቀ እየከበደ ይሄዳል፣ ይበሰብሳል። በሐምሌ ማድረቂያ ፀሐይ ከየት ይመጣል? ያልደረቀ ታንኳ ለሦስተኛ ቀን ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚያሳይ አንድ አንቀጽ ስለ ክረምት ከሚያወራ ገጽ ይበልጣል።

ከሌላ አገር የተዋስሽውን አየርም ተጠንቀቂ። በታሪክሽ በመስከረም ቅጠል ይረግፋል! የእኛ መስከረም አደይ የሚፈነዳበት፣ ጣና የሚሞላበት ወር ነው፤ ሐይቁ የሚጎድለው ከግንቦት እስከ ሰኔ መግቢያ ነው። የባሕር ዳር አንባቢ እዚህች ላይ መጽሐፉን ያጥፋል።

ሬዲዮ ላይ አየር ማለት ድምፅ ነው። የቆርቆሮ ዝናብ የተዋናዩን ድምፅ ስለሚውጥ «ዝናብ» ብለሽ ብቻ አትለፊ፤ «ዝናብ ቆርቆሮ ላይ፤ ከ10 ሴኮንድ በኋላ ዝቅ ይላል፤ ከንግግሩ ሥር ይቀጥላል» ብለሽ ጻፊ። ወይም መዋጡን ተጠቀሚበት፤ ባልየው ሲናዘዝ አንዷ ቃል በዝናቡ ትጥፋና ሚስትየዋ ሌላ ነገር ትስማ። ደግሞም ዝናቡ ውስጥ የቆየ ሰው በሚቀጥለው ትዕይንት ደርቆ እንዳይገባ፤ ይህን አዘጋጆች ወዲያው ነው የሚይዙት።

አሁን ለ14 ቀን ማስታወሻ ያዢ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሦስት ነገር መዝግቢ፦ ነፋሱ ከየት መጣ፣ ምን ሸተተ፣ ሰው የትኛውን ሥራ አቋረጠ። ታሪክ የሚወጣው ከሦስተኛው ነው። ከዚያ የ5 ደቂቃ ትዕይንት ጻፊ፤ ሁለት ተዋናይ፣ አንድ የአየር ለውጥ። ከማመልከቻሽ ጋር የምታያይዢው እሱን ነው፤ የተመለሰውን ታሪክ አይደለም። በድራማ ብቻ የወር ደመወዝ ማግኘት ስለሚከብድ አርትዖትንም አብረሽ ተማሪ።