ስለ ጋራ ግቢ፣ ስለ መንገድ ዳር ዛፍና ስለ ሀይቁ ዳር ጥያቄ ያላችሁ ጣሉ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ስራዬ እዚሁ ባህር ዳር የጋራ ግቢና የህዝብ አረንጓዴ ቦታ ዲዛይን ማድረግ ነው፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ቁጭ ብዬ ነው ምሰራው። ሰኔ እየደረሰ ሁሉም ችግኝ ችግኝ እያለ ስለሆነ ጉድጓድ ሳትቆፍሩ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ የመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ነን። ብሎኮቹ መሃል ባዶ ሜዳ አለ፣ ብር አዋጥተናል፣ ሳርና አበባ ልናለብሰው ነው። ምን አይነት ሳር ይሻላል?

የሳሩን ነገር ትንሽ እናቆየውና መጀመሪያ አንድ የስራ ቀንና አንድ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ እዛ ሜዳ ላይ ዋሉ። ጥላው 8 ሰዓት ላይ የት ይደርሳል፣ ልብስ የት ነው ሚሰጣው፣ ልጆቹ ኳስ የት ነው ሚጫወቱት፣ ሰው ቸኩሎ ሲገባ በየት በኩል ነው ሚያቋርጠው፣ ይሄን ሁሉ በወረቀት ጻፉት።

ይሄን ምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ግቢ መሃል ላይ ክብ ሳር አደረግኩ፣ ዙሪያውን ዝቅ ያለ አጥር፣ ስዕሉ ላይ በጣም ያምር ነበር። በወሩ ባጃጅ ከሚቆምበት ወደ ብሎኩ የሚወስደው አቋራጭ ሳሩን ለሁለት ከፈለው። በርበሬ የሚያሰጡት እናቶች ደሞ ቦታ ሲያጡ መኪና ማቆሚያው ላይ ሸራ አነጠፉ፣ ከዛ በየሳምንቱ ከሹፌሮቹ ጋር ጭቅጭቅ ሆነ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንድም ቀን እዛ ውዬ አላየሁም። በኋላ አቋራጩን እንዳለ በድንጋይ አነጠፍነው፣ ፀሐይ ውሎ የሚያድርበት የሚመስለው ጥግ ላይ ደሞ ከፍ ያለ መደብ ሰራን፣ በርበሬውም ብቅሉም እዛ ይሰጣል፣ ማታ ማታ ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል።

ሳሩ? ሰርዶ። መረገጥ ይችላል፣ በጋውን ደርቆ ይቆይና ዝናብ ሲነካው ይነሳል።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን የመንገድ ዳር ዛፍ ልንተክል ነው፣ እንደ ዋናው መንገድ ዘንባባ ይሁን ወይስ ሌላ?

ዘንባባው የከተማችን መልክ ነው፣ ያለው ይኑር። ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ዘንቢል ተሸክማችሁ በእግር ስትሄዱ ጥላው ምን ያህል ያስጠልላችኋል? የሰፈር መንገድ ላይ ለሰው ጥላ ነው ሚያስፈልገው፣ ስለዚ እኔ ዋንዛ እላለሁ። የሀገራችን ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ነጭ አበባውን ንብ ይወደዋል። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ይረግፋል፣ ጠረጋ አለበት፣ ፍሬውም ያጣብቃል፣ ይሄን አውቃችሁ ግቡበት። ጃካራንዳም ያምራል ግን ሀገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ መሃል መሃል ላይ ይግባ እንጂ መንገዱን በሙሉ አንድ አይነት ዛፍ አታድርጉት፣ አንድ በሽታ ከመጣ ሁሉንም ነው ሚወስደው።

ጥያቄ፦ ባህር ዛፍስ? ቶሎ ይደርሳል።

ለጋራ ግቢ አይሆንም። ውሃውን ይስባል፣ ስሩ ስር ሌላ ነገር አያበቅልም።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ሾላ አለ፣ ዙሪያውን ሲሚንቶ አድርገን መቀመጫ ልንሰራ ነው።

መቀመጫው ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ሲሚንቶው ግን ግንዱ ድረስ እንዳይደርስ በናታችሁ። ስሩ አየርና ውሃ ይፈልጋል። ግንዱ ላይም አፈር አትቆልሉ፣ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። መደቡን ራቅ አድርጋችሁ ስሩን ሳትቆርጡ ስሩት፣ መሃሉ አፈር ሆኖ ይቅር። አዲስ ሾላ ወይም ዋርካ ለመትከል ላሰባችሁ ደሞ፣ ሰፊ ሜዳ ካላችሁ ብቻ፣ ከግድግዳና ከውሃ መስመር በጣም ርቆ።

ጥያቄ፦ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ልጄ። ሀይቁ ዳር ያለው ደንገል ተነቅሎ ሳር ቢሆን ንጹህ መናፈሻ አይወጣውም?

አባባ፣ እርስዎ ታንኳ በደንገል ሲሰራ እያዩ ነው ያደጉት፣ ጥቅሙን ከኔ በላይ ያውቁታል። ደንገሉ ግን ሌላም ስራ አለው። ከከተማውና ከማሳው በጎርፍ የሚወርደውን ደለልና ማዳበሪያ ሀይቁ ከመግባቱ በፊት ይይዘዋል፣ አሳው እዛ ውስጥ ይራባል፣ ወፉም ጎጆ ይሰራል። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ያየነውን አይተናል፣ እምቦጭ ደሞ ሚፋፋው ማዳበሪያና ቆሻሻ በበዛበት ውሃ ነው። ደንገሉን ነቅለን ሳር ብናደርግ ማጣሪያውን ራሱን ነው ምናነሳው።

እኔ ምለው ደንገሉ ይቆይ፣ የእግር መንገዱ ከኋላው በየብሱ በኩል ይሂድ፣ ሶስት አራት ቦታ ላይ ብቻ ይከፈትና ሰው ውሃውን ይይ፣ ታንኳም ይጠጋ። ወንበር ሲተከል ደሞ የግንቦቱን ዳር አይተው አይደለም። ሀይቁ ክረምቱ ካለፈ በኋላ መስከረም ጥቅምት ላይ ነው ሚሞላው፣ ከዝቅተኛው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የጥቅምቱ ውሃ የት እንደሚደርስ እንደርስዎ ያሉ አባቶች ናችሁ ምታውቁት፣ ወጣቶቹን ይዘው ወርደው ቢያሳዩዋቸው ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ እምቦጩን አምጥተን ኮምፖስት ብናደርገውስ?

ካበበ አይሆንም። ዘሩ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፣ ግቢያችሁ ቦይ ካለው መልሳችሁ ወደ ውሃ ነው ምትልኩት።

ጥያቄ፦ የጣሪያ ውሃ ግቢያችንን ያጥለቀልቀዋል። ዝቅ ያለ አትክልት ቦታ ሰርተን እዛ እናስገባው ስንል ወባ ታመጣላችሁ ተባልን።

ፍርሃቱ ትክክል ነው፣ እዚህ ወባ አለ። ትንኟ ከእንቁላል እስከ መብረር አስር ቀን አካባቢ ነው ሚፈጅባት፣ ስለዚ ውሃው በሁለት ቀን ውስጥ ከሰረገ ችግር የለውም። መጀመሪያ ሞክሩት፣ ሁለት ስንዝር ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት፣ በማግስቱ እዩት። ቀይ አፈር ከሆነ ብዙ ጊዜ ይሰርጋል። ዋልካ ከሆነ ተዉት፣ በድንጋይ የተነጠፈ ጥልቀት የሌለው ቦይ ሰርታችሁ ውሃውን እያሳለፋችሁ ዳርና ዳሩን ትከሉበት።

ጥያቄ፦ በየክረምቱ 200 ችግኝ እንተክላለን፣ ፋሲካ ሲደርስ አስር አይቀርም። ምንድነው ችግሩ?

ውሃ ማጠጣት ነዋ። ዝናባችን ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው ረጅም በጋ ማን ያጠጣል ሚለውን ሐምሌ ላይ ማንም አይጠይቅም። 200 ተዉትና 20 ትከሉ፣ እያንዳንዱ ችግኝ የአንድ ቤት ይሁን፣ የቤቱ ቁጥር ይጻፍበት፣ እድሩም በወር አንዴ ስብሰባው ላይ ይጠይቅ። አንድ ሰፈር ያየሁት፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ ይበሱትና ቂጡን ቆርጠው ከስሩ አጠገብ ገልብጠው ይቀብሩታል፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይሞሉታል፣ ጠብ ጠብ እያለ ያድራል። ስሩን በደረቅ ሳር ሸፍኑት። ፍየል እንዳይበላው ደሞ ከእንጅባራ የሚመጣው ቀርከሃ ጥሩ አጥር ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ በከዘራ ነው ምትሄደው፣ አዲሱ መናፈሻ ደረጃ ብቻ ነው።

ራምፕ ጠይቁ፣ ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ ከዛ በላይ ቀጥ ካለ በዊልቸር መውጣት ይከብዳል። ወንበሩም መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ይኑረው፣ ያለሱ ጉልበቱን ያመመው ሰው አይነሳም።

ጥያቄ፦ ከስራ አምሽቼ ነው ምወጣው፣ በሰፈራችን አረንጓዴ ቦታ ማለፍ እፈራለሁ። ዛፉ ይቆረጥ ስል ተቃወሙኝ።

እህቴ ፍርሃትሽ የዲዛይን ጥያቄ ነው፣ ማንም ሊያናንቀው አይገባም። እይታሽን ሚከለክለው ዛፉ ሳይሆን መሃል ላይ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ቁጥቋጦው ከወገብ በታች ይከርከም፣ የዛፉ ቅርንጫፍ ከራስ በላይ ይነሳ፣ ስትገቢ የዛኛው ጫፍ ሊታይሽ ይገባል። መብራቱ ቅጠሉን ሳይሆን መንገዱንና የሰው ፊት ያብራ። መውጫው ሁለት ይሁን። ከሁሉም በላይ ግን ጥግ ላይ ጀበና ይዛ ምትቀመጠዋን ቡና ሻጭ አታስነሱ፣ ቦታ ስጧት፣ መብራቱንም እሷ ጋ አቅርቡት። እሷ እስክትዘጋ ድረስ ያ መንገድ ሰው አለው።