«አቦ፣ ዛሬን ብቻ!»

ልጆቼ፣ ጳጉሜ ስትገባ የየቢሮው የቡና ወሬ አንድ ነው። አንዱ ከመስከረም ጀምሮ ጫት ሊተው፣ አንዷ በርቀት የጀመረችውን ዲግሪ ልትጨርስ፣ ሌላው እቁብ ሊገባ። ድሬዳዋ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ በሂሳብ ሠራተኛነት ስኖር ይህን ወሬ ያልሰማሁበት ጳጉሜ አንድ ብቻ ነው። (የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር እኛ የሂሳብ ሰዎች አዲስ ዓመትን በዓመት ሁለቴ ነው የምናየው።)

ስለ ራሳችሁ ዕቅድ መካሪ አታጡም። እኔ ማንሳት የፈለግኩት የባልደረባችሁን ዕቅድ ነው።

ንብረት ክፍል የሚሠራ ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ጳጉሜ ላይ ስኒውን አስቀምጦ «ጫት በቃኝ፤ የጫቱን ብር እቁብ እጥልበታለሁ» አለ። ሳቅን። «መስቀልን ካለፍክ ጥራን» ያልኩት እኔ ነኝ።

መስከረም 12 ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ያ የድሬ ሙቀት ሰውን ከአልጋ በሚያጣብቅበት ሰዓት ቤቴ ጠራሁት። የአወዳይ ጫት ከነኮባው መሐላችን ተቀምጧል። እሱ ውኃ ብቻ ይጠጣል። ዓይኑ ግን ኮባው ላይ ነው። «አቦ፣ ዛሬን ብቻ!» አልኩት። ትንሽ ቆየ። ከዚያ እጁን ሰደደና አንዲት ቀንበጥ ቀነጠሰ። እኔም እንዳሸነፈ ሰው ደስ አለኝ፤ ምን እንዳሸነፍኩ ግን ዛሬም አላውቅም።

በሚቀጥለው ጳጉሜ ተራው ሲደርስ «እኔ ምንም የለኝም» ብሎ ቡናውን ጠጣ። ያቺ ቃል እስካሁን ትቆረቁረኛለች።

ያ ወሬ ያልተሰማበት አንድ ጳጉሜ የ1998ቱ ነው። ሐምሌ ማብቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ስለ ጫትም ስለ ዲግሪም ያነሳ የለም። የእቁቡ የመጀመሪያ ዕጣ ጎርፍ ቤቷን ለወሰደባት የጽዳት ሠራተኛችን ይሁን ተባባልን። የቀለደ የለም፣ ያጓደለም የለም። ለካ ስንፈልግ አፋችንን መሰብሰብ እንችላለን!

እና ባልደረባችሁ «ከመስከረም ጀምሮ...» ሲላችሁ አትሳቁበት። «የሚከብድህ በስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ለጫት ከሆነ መልሱን ድሬ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ሰዓት ሻይ ጋብዙት፣ ወይ ዝም ብላችሁ አብራችሁት ተቀመጡ። ተማሪዋንም ለፈተናዋ ሳምንት ተረኝነቷን ሸፍኑላት። ከዚህ በላይ ወጪ የለውም።

ጓደኛዬም እኔም ጡረታ ወጥተናል። በቀደም ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር ሻይ ስንጠጣ መቃም ማቆሙን ሰማሁ።

«መቼ ተውከው?»

«ዓመት ሆነኝ።»

«ሳትነግረኝ?»

«ለማንም አልነገርኩም» አለና ሳቀ። «ለአንተ ደግሞ በተለይ!»