ሲሻር የሚቆጨው ምንድን ነው?

ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ ደወለችልኝ። በርሚንግሃም ፋርማሲ ትማራለች፤ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። "ጋሼ፣ ትምህርቱን ላቆመው ነው" አለችኝ። አንድ ፓርቲ ቢሮው ውስጥ ሥራ ሰጥቷታል። መጀመሪያ ለአካባቢ ምክር ቤት ትወዳደራለች፣ ከዚያ ለፓርላማ። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ደስታ ስሰማ እዚያው "ተይው" ማለት አልሆነልኝም። "እጽፍልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁ።

የጻፍኩላት ይኸው ነው። ፖለቲካ ለሚያምራችሁ፣ ወይም ገና ሥራ ዓለም ለምትገቡ ሌሎች ልጆችም ይሆናል ብዬ ትንሽ አሰፋሁት። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም። ለንደን ውስጥ በአንድ የአካባቢ አስተዳደር የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። እንግሊዝ አገር ምርጫ ሲደርስ ከድምፅ ቆጣሪዎቹ ብዙዎቹ እንደኔ ያሉ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። ለአንድ ሌሊት ይከፈላችኋል፣ ሻይ አለ፣ በማግስቱ እንቅልፍ ነው። ብዙ ምርጫ ቆጥሬያለሁ። የትኛው አዳራሽ እንደነበር አልናገርም፤ ምስጢር ጠብቁ ተብለናል።

በቲቪ የምታዩት መድረኩን ነው። እኛ የምናየው ጠረጴዛውን ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጣቢያዎቹ ይዘጋሉ፤ ሳጥኖቹ ወደ አንድ የስፖርት አዳራሽ ይመጣሉ። መጀመሪያ የወረቀቱ ብዛት ይረጋገጣል። ከዚያ በየዕጩው ይለያል፣ ይታሰራል፣ ይከመራል። ዕጩዎቹና ታዛቢዎቻቸው ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው ጣታችንን ያያሉ። ስለዚህ የሚሸነፈው ሰው ከአገሩ ሁሉ ቀድሞ ያውቃል። የክምሩ ቁመት ይነግረዋል። በኋላም ኃላፊው ዕጩዎቹን ጥግ ላይ ሰብስቦ ቁጥሩን ቀስ ብሎ ያሳያቸዋል። መድረክ ላይ ሲወጣ እንግዲህ ፊቱን አስተካክሎ ነው።

አንድ ሌሊት የፓርላማ አባል የነበረ ሰው እኔ ፊት ለፊት ቆሞ ተሸነፈ። ክምሩን አላየም። የሚያየው ግድግዳው ጋ የቆሙትን አራት ልጆች ነበር። የቢሮው ሠራተኞች ናቸው። የእነሱም እንጀራ አብሮ ሄዷል። የወንድሜን ልጅ ሳስብ ትዝ ያለኝ እሱ ሳይሆን እነዚያ አራቱ ናቸው።

በልጅነቴ ሹም ሽር የሚሰማው በሬዲዮ ነበር። ከላይ ይመጣል። እዚህ ግን ከታች ይመጣል፤ ጎረቤትህ፣ ዳቦ ሻጩ፣ የልጅህ አስተማሪ በእርሳስ ይሽሩሃል። የተሻረው ሰው ሕይወት ግን ያው ነው። እኛ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እንላለን። ይህ ተረት ግማሽ ቀልድ ነው፤ ግማሹን ግን ብዙ ሰው አምኖበታል። እኔ ብሬግዚት፣ ማለትም እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ፣ ካመጣው ትርምስ በኋላ አላምንበትም።

ነገሩ የጀመረው ከያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ከዴቪድ ካሜሮን ነው። ወግ አጥባቂ ፓርቲው በአውሮፓ ጉዳይ እርስ በርስ ሲባላ፣ በ2013 ሕዝበ ውሳኔ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ችግሩን የሚያበርድ መስሎት ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2016 ሕዝቡ 51.9 ለ48.1 በመቶ "እንውጣ" አለ። ለንደን አብዛኛው "እንቅር" ነበር ያለው፤ በእኛ አዳራሽም እንደዚያው። ሌሊቱን ከሰሜኗ ከተማ ከሰንደርላንድ "እንውጣ" በሰፊው ማሸነፉ ሲሰማ ግን አዳራሹ ዝም አለ። ጠዋት ካሜሮን በሩ ላይ ወጥቶ ሥልጣን እንደሚለቅ ተናገረ። 49 ዓመቱ ነበር።

በ49 ዓመት ምን ይሠራል? ግቢው ውስጥ በ25 ሺህ ፓውንድ የእረኛ ጎጆ አስገብቶ ትዝታውን ጻፈ። እስከዚህ ጥሩ። ከዚያ ግሪንሲል የሚባል የፋይናንስ ድርጅት አማካሪ ሆነ። በ2020 ኮሮና ሲገባ መንግሥት ያን ድርጅት ይርዳው ብሎ ለሚኒስትሮች ቴክስት መላክ ጀመረ። ከነሱ አንዱ የያኔው የገንዘብ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ነበር። እኛ ለዚህ ስም አለን፤ ደጅ ጥናት ነው። ትናንት ሌላው የሱን ደጅ ይጠና ነበር። ድርጅቱ በ2021 ወደቀ። ባለሥልጣን ማግባባትን የሚገዛውን የሎቢ ሕግ አልጣሰም ተባለ፤ የፓርላማው ኮሚቴ ግን ማመዛዘን ጎድሎታል አለ። በ2023 ደግሞ ያው ሱናክ፣ ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ፣ የጌቶች ምክር ቤት አባል አስደርጎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሾመው። ስለዚህ ከሱ ታሪክ ጥርት ያለ ትምህርት ላውጣ ብትሉ አይወጣላችሁም። እኔን ያሳሰበኝ ያ ቴክስት ነው። ሰው ምን ቢጎድለው ነው የትናንት ታናሾቹን ስልክ የሚያንኳኳው?

ተከትላው የመጣችው ቴሬዛ ሜይ የመውጫ ስምምነቷን ፓርላማ ይዛ ገባች፤ በጥር 2019 432 ለ202 ወደቀባት። ሁለት ጊዜ መለሰችው፤ ሁለቱንም ተሸነፈች። በግንቦት እንባ እየተናነቃት ሥልጣን እንደምትለቅ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው የገረመኝ። አልጠፋችም። ኋላ ወንበር ላይ ተራ የፓርላማ አባል ሆና አምስት ዓመት ያህል ቁጭ አለች።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልምጣ። መስከረም 3 ቀን 2019 ማታ ነው። ሜይን የተካው ቦሪስ ጆንሰን ያለ ስምምነትም ቢሆን አገሪቱ ትወጣለች ብሎ ቆርጧል። ከራሱ ፓርቲ 21 ሰዎች ይህን ለማስቆም ከተቃዋሚ ጋር ድምፅ ሰጡ። ያኔውኑ ከፓርቲው የፓርላማ ቡድን ተባረሩ። ኬኔት ክላርክ አንዱ ነው፤ ከ1970 ጀምሮ ፓርላማ የተቀመጠ። የቸርችል የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስም ነበረበት። ፊሊፕ ሃመንድ ደግሞ ከስድስት ሳምንት በፊት የገንዘብ ሚኒስትር ነበር። ኋላ አሥሩ ተመለሱ። ሌሎቹ አልተመለሱም።

ካልተመለሱት አንዱ ዴቪድ ጎክ ነው። እስከዚያ ክረምት የፍትሕ ሚኒስትር ነበር። በታኅሣሥ ምርጫ በራሱ ወረዳ በግል ተወዳደረ። በግል መወዳደር እንግሊዝ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ተሸነፈ። ግን ሰውየው ፖለቲካ ከመግባቱ በፊት ጠበቃ ነበር። ወደሚያውቀው ሙያ ዞረ፣ ጻፈ፣ ተናገረ። በ2024 እስር ቤቶቹ ሞልተው ሲፈሱ አዲሱ የሌበር መንግሥት የቅጣት አወሳሰን ሥርዓቱን እንዲመረምር ማንን ጠራ? ጎክን። የተቃራኒ ፓርቲ ሰው! በግንቦት 2025 ሪፖርቱን አስረከበ። እሱ የማንንም ደጅ ሲጠና አላየንም። ደጁ ድረስ የመጡት እነሱ ናቸው።

ይህን ስጽፍ ፋርማሲ፣ ሕግ፣ ሒሳብ ተማሩና ሁሉም ይስተካከላል ማለቴ አይደለም። ከ21ዱ አንዱ የሆነው ዶሚኒክ ግሪቭም ትልቅ ጠበቃ ነው፤ እሱም በግል ተወዳድሮ ተሸንፏል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ ሰዎች ያን ማታ ድምፅ ሲሰጡ ወንበራቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ያውቁ ነበር። ወንበሩ ቢሄድ የሚሆኑት ነገር ነበራቸው። "እምቢ" ለማለት የደፈሩት በዚህም ጭምር ይመስለኛል። የቤት ኪራዩ በአለቃው ፊርማ የሚከፈል ሰው "እምቢ" ማለት ይከብደዋል። ይህ ፓርላማ ብቻ አይደለም፤ የየመሥሪያ ቤቱ ነው።

ጆ ስዊንሰንን ደግሞ ተመልከቱ። በ2019 የሊበራል ዴሞክራቶች መሪ ሆነች። ብሬግዚትን ሙሉ በሙሉ እንሰርዘዋለን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ልሆን እችላለሁ አለች። ከአምስት ወር በኋላ ስኮትላንድ ያለውን የራሷን ወንበር በ149 ድምፅ አጣች። 149! እኛ ጠረጴዛ ላይ ሦስት እስር አይሞላም። የፓርቲው መሪ የፓርላማ አባል መሆን ስላለበት መሪነቱም በዚያው ሄደ። የተካት ኤድ ዴቪ በ2015 ራሱ ተሸንፎ በ2017 የተመለሰ ሰው ነው። በ2024 ለቅስቀሳ ብሎ ሐይቅ ውስጥ እየወደቀ፣ አገሩን እያሳቀ 72 ወንበር አገኘ። አንዴ የወደቀ ሰው መሳቂያ መሆን ብዙም አያስፈራውም መሰለኝ።

ሊዝ ትረስ ግን አልሳቀችም። በ2022 ለ49 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረች። በ2019 ከ26 ሺህ በላይ ብልጫ ያሸነፈችበትን ወረዳ በ2024 በ630 ድምፅ አጣችው። ወደ መድረኩ ዘግይታ መጣች፤ አዳራሹ ቀስ እያለ የማሾፍ ጭብጨባ አጨበጨበላት። ውጤቱ ሲነበብ ንግግር ሳታደርግ ወረደች። እኔ እንደ ቆጣሪ ይህን አልወደድኩትም። ተሸናፊ ሲወጣ ሁለት ነገር ይላል፤ ተፎካካሪውን እንኳን ደስ ያለህ፣ ቆጣሪዎቹን አመሰግናለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሌሊቱን ሙሉ ቆመን የቆጠርነው ለሱም ነው። በዚያው ሌሊት ከብሬግዚት ዋና ደጋፊዎች አንዱ የነበረው ጄከብ ሪስ ሞግም ወንበሩን አጥቷል፤ ጎኑ የቆመው ቀልደኛ ዕጩ የባቄላ ጭንብል ፊቱ ላይ አጥልቆ ነበር። እሱ ግን ቆሞ፣ አመስግኖ፣ ወረደ። ፖለቲካው አይስማማኝም፤ አወራረዱን ግን ወድጄዋለሁ።

በዚያ ምርጫ ወግ አጥባቂዎቹ በ2019 ካገኙት 365 ወንበር ወደ 121 ወርደዋል። የተሸነፉት ቢሮ ለመዝጋት አራት ወር ተሰጣቸው። ከያንዳንዱ ጀርባ እነዚያ ግድግዳ ጋ የቆሙ ልጆች አሉ።

መራጭ ሳይሽራቸው፣ አገራቸው ከአውሮፓ ኅብረት ስለወጣች ብቻ ሥራ ያጡም አሉ። 73ቱ የእንግሊዝ የአውሮፓ ፓርላማ አባላት ጥር 31 ቀን 2020 በአንድ ሌሊት ተሰናበቱ። ገሚሶቹ ባንዲራ እያውለበለቡ፤ ለነገሩ የተመረጡት የራሳቸውን ወንበር ለማጥፋት ነበር። ሌሎቹ እያለቀሱ። ማጂድ ማጂድ ከነሱ አንዱ ነው። ሶማሊያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ እኛ አገር ስደተኛ ጣቢያ ቆይቶ፣ ሼፊልድ ያደገ። ሰባት ወር ያህል ብቻ ነው የተቀመጠበት።

የኛንም ሰው ነክቶታል። ከጣሊያን፣ ከሆላንድ፣ ከስዊድን ዜግነት ይዘው ለንደን የመጡ ብዙ አበሾች አሉ። ሕዝበ ውሳኔው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። እስከ ሰኔ 2021 ግን የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ መሙላት ነበረባቸው። ስንቱን እናት በስልኳ ፎቶ እያነሳሁ ሞልቼላታለሁ።

እኔም ተሽሬ አውቃለሁ። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤቴ በአንድ የቅነሳ ዓመት ክፍላችንን ዘጋ። የክፍያ ደረሰኝ አጽዳቂ ነበርኩ። ገና ሲደርስ ከአቅራቢዎቹ የብስኩት ቆርቆሮ ይመጣልኝ ነበር፤ ቤት ውስጥ ለበርበሬና ለሽሮ መያዣ እስከሚተርፍ። ወዳጆቼ መስለውኝ ነበር። በቀጣዩ ገና አንድም አልመጣም። ተናደድኩ፤ ሚስቴ ሳቀች። "ብስኩቱ የሚመጣው ለፊርማህ ነበር" አለችኝ። ያኔ ያዳነኝ በማታ ተምሬ የያዝኩት የሒሳብ ፈቃድ ነው። ዓመት ሳይሞላ ሌላ ቦታ ገባሁ።

እንግዲህ ለወንድሜ ልጅ መጨረሻ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው። ፓርቲውን አትተዪው። ቅዳሜ ቅዳሜ በር አንኳኪ፣ ወረቀት በትኚ፣ ስብሰባ ግቢ። ግን ፋርማሲውን ጨርሺ፣ ፈቃዱን ያዢ፣ ሁለት ዓመት መደርደሪያው ጋ ቆመሽ ለሰው መድኃኒት ስጪ። መራጭን ከዚያ የበለጠ የምታውቂበት ቦታ የለም። ከዚያ ተወዳደሪ፤ በቆጠራው ሌሊት እኔ እመጣለሁ። ብትሸነፊ በማግስቱ የምትሄጂበት አለሽ፤ ብታሸንፊ ደግሞ አለቃሽ የማትስማሚበትን ሲያዝሽ ዓይኑን አይተሽ ትመልሻለሽ።

ከላክሁት አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆነዋል፤ አንብባዋለች ማለት ነው። መልስ ግን እስካሁን የለም።