ቃለ መጠይቁን እስከ መጨረሻው እዩት

የሐዋሳ ልጆች፣

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ክርክራችሁን ሰማሁ። ድረ ገጽ የምንሠራበት ነፃ የኮድ መሣሪያ የሆነው የቪው ፈጣሪ ኢቫን ዩ ስለሰጠው ቃለ መጠይቅ ነበር። አንዱ «ቪው አበቃለት» አለ። ሌላው ተፎካካሪውን መሣሪያ ጠርቶ «ሪአክት አስፈርቶታል» አለ። ኋላ ስጠይቃችሁ አብዛኞቻችሁ ያያችሁት የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ነው። ነገሩ ከነከነኝ።

ኢቫን ጉግል ሲሠራ አንጉላር የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ይጠቀም ነበር። ከእሱ የወደደውን ብቻ ይዞ ቀለል ያለ ነገር ሠራ። በፈረንጆቹ 2014 ለሕዝብ ለቀቀው። በ2016 ቅጥሩን ትቶ፣ ደጋፊዎች በየወሩ በሚያዋጡለት ገንዘብ ሙሉ ጊዜውን ሰጠው። እኛ ሳንቲም ሳንከፍል የደንበኞቻችንን ሥራ ሠራንበት።

2019 ላይ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ኮምፖዚሽን ኤፒአይ የተባለው አዲስ የቪው ኮድ አጻጻፍ ገና በሐሳብ ደረጃ ሲቀርብ ቁጣው ለጉድ ነበር። የለመድነውን ሊነጥቁን ነው ተባለ። ስድብም ነበረበት። ሐሳቡን አንብበው፣ ኮድ ጽፈው፣ «እዚህ ጋ ይከብዳል» ያሉም ነበሩ። የእነሱ አስተያየት ተሰማ። ቪው 3 በ2020 ሲወጣ አሮጌውም አዲሱም አጻጻፍ አብረው ወጡ። ስለዚህ ዝም በሉ አላልኩም። ተቃወሙ፤ ግን ሞክራችሁ ተቃወሙ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በጀማሪነቴ አንድ ነፃ ላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎ ያጋራው የኮድ ስብስብ) ሲታደስ የደንበኛዬ ድረ ገጽ በርክክቡ ዋዜማ ተበላሸ። በዚያው ሌሊት ለሠሪው የቁጣ መልእክት ጻፍኩለት። የመለሰልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «የትኛውን ቨርዥን ነው የምትጠቀመው?» እኔ ቨርዥኑን እንኳ አላየሁም ነበር። መፍትሔው ከአዲሱ ቨርዥን ጋር በወጣው ማስታወሻ ላይ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፏል። ያ ሰው ከእኔ አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። ይቅርታ ሳልጠይቀው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተ ችግር ሲገጥማችሁ ቨርዥኑን ጻፉ። ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁ፣ ምን እንደሆነ ጻፉ። ሠሪው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ እዚያው ቡና ቤት እንገናኝ። ቃለ መጠይቁን ሙሉውን አውርጄ አመጣለሁ። ከዚያ የቪውን ኮድ ከፍተን፣ ዳታው ሲለወጥ ገጹ በፕሮክሲ (ዳታው ሲነካ መሃል ገብቶ በሚያስተውል ዘዴ) በኩል እንዴት እንደሚያውቅ አብረን እናያለን። መብራት ሊሄድ ይችላል፤ ላፕቶፓችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።