ዶሮ ራሴ ባርድ ሐላል ነው ወይ? ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ

አሰላሙ ዐለይኪ እህቴ። ባለቤትሽ መንገድ ሄዶ ዶሮ የሚያርድልሽ ስታጪ፣ በደጅ የሚያልፍ ልጅ ጠርተሽ እንዳሳረድሽ ጽፈሻል። በደነዘ ቢላ ገዝግዞ ገዝግዞ፣ ገና እየተንፈራገጠች የፈላ ውሃ ውስጥ ከተታት። «ሥጋዋ ይበላል? ራሴ ባርዳትስ ኖሮ?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ሞጆ ውስጥ ፍየልና በግ አርዶ ወደ ዱባይና ሳዑዲ በሚልክ ቄራ 9 ዓመት አራጅ ነበርኩ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ራስሽ ብታርጂ ሐላል ነው። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና አጠገብ ሰልዕ ተራራ ላይ በግ የምትጠብቅ አንዲት ገረድ፣ ከመንጋው አንዷ ልትሞትባት ስትል ድንጋይ ሰብራ በስለቱ አረደቻት። ነቢዩ ሲጠየቁ «ሥጋዋን ብሉ» አሉ፤ ሐዲሱ የነቢዩ ቃልና ሥራ በተሰበሰበበት በቡኻሪ መጽሐፍ ላይ አለ። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮዋን ከነቢላው ይዛ ወንድ እስኪያልፍ ደጅ ትቆም ነበር። ክርስቲያኗ ጎረቤታችንም በበዓሏ እንዲሁ፤ እያንዳንዳቸው የየሃይማኖታቸውን ሰው ይጠብቃሉ። ይህ ያገር ልማድ ነው እንጂ ዲኑ ሴትን አልከለከለም።

ልጁም ሙስሊም ከሆነ፣ ክፉና ደጉን ከለየና የአላህን ስም ከጠራ ልጅነቱ አያሳስብሽ። እኔን ያሳሰበኝ ቢላው ነው። መቆረጥ ያለባቸው የትንፋሽ ቧንቧው፣ የምግብ ቧንቧውና ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት የደም ሥሮች ናቸው። ከእስልምና የሕግ መዝሀቦች (መንገዶች) ሻፊዒዮች ሁለቱን ቧንቧዎች ግዴታ ያደርጋሉ፤ ሐነፊዮች ከአራቱ ሦስቱ ይበቃል ይላሉ። አራቱንም የቆረጠ ከክርክሩ ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ የተቆረጠውን አንገት አንስተሽ እዪው። ሕይወት እያላት ሁለቱም ቧንቧዎች ተበጥሰው ከሆነ ሥጋዋ ሐላል ነው፤ ውሃ ውስጥ መክተቱ ግን ማሰቃየት ነው፣ ልጁን ምከሪው። ቧንቧዎቹ ሳይበጠሱ ውሃው ውስጥ ከሞተች ግን በክት ናት፤ አትብሏት።

ስለ ቢላ አጥብቄ የምናገረው አይቼ ስለሆነ ነው። የፍየል ፀጉር አቧራ ይይዛል፣ ስለቱን ቶሎ ይበላዋል። የደነዘ ቢላ ቆዳውን ይዞ ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም፤ እንስሳው ያን ጊዜ ነው የሚጮኸው። የተሳለ ሲሆን ብዙ ጊዜ ድምፅ እንኳ አይሰማም። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ተራ የሚጠብቁ ፍየሎች ፊት ቆሜ ቢላ ስሞርድ፣ የሚቆጣጠሩን ሼኽ እጄን ያዙና «ሁለት ጊዜ ልትገድላቸው ነው?» አሉኝ። ነቢዩ በጉን አስተኝቶ ፊቱ ቢላ ለሚስል ሰው የተናገሩት ቃል እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ዞሬ ነው የምሞርደው። አንዱን በሌላው ፊት ማረድም እንዲሁ የተጠላ ነው።

ለሚቀጥለው እንዲህ አድርጊ። ቢላውን ዶሮዋ ሳታይ ማድ ቤት ውስጥ ሳይው። ውሃ አጠጫት። ወደ ቂብላ (ወደ መካ አቅጣጫ) አዙረሽ ሁለቱን ክንፎች በአንድ እግርሽ፣ እግሮቿን በሌላው ያዢ፤ ጫን ማለት እንጂ መርገጥ አያስፈልግም። በግራ እጅሽ ራሷን ይዘሽ ጉሮሮዋ ላይ ያለውን ላባ ንጪ፣ ቆዳው ወጠር ይበል። ማንቁርቷ ወደ ራሷ በኩል እንዲቀር ከሥሩ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብለሽ ሳትፈሪ ሳብ አድርጊው። የሚጎዳት ፍርሃትሽ ነው፤ የፈራ እጅ ይገዘግዛል። አንገቷን አትበጥሺው፣ አከርካሪው ጋ ሲደርስ አቁሚ።

ከዚያ ልቀቂያትና ደሟ ይፍሰስ። መንፈራገጧ ቢያቆምም አትቸኩዪ፣ ትንሽ ታገሺ። ዓይኗን በጣትሽ ጫፍ ስትነኪው ካልጨፈነች ያኔ ውሃውን አምጪ።